ገመዱ ከውጭ ይታሰር

ባሌ መቂ ላይ ከፒካፓችን ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ጊዜ፣ ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ በአንድ ቃል ነበር የሚሸኘው፤ «እርጅና ነው» እያለ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች መጡ፤ እርጅና ነው፣ ጌታ አተረፈኝ አላቸው። የአክስቱ ልጅ ሙዝ ይዞ ከሻሸመኔ ድረስ መጣ፤ እሱንም እርጅና ነው አለው። እኔ ማዶ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ አንጀቴ ያርር ነበር። እርጅና አልነበረማ። የመኪናዋ ጥፋት ነበር። ይኼን እኔ በደንብ አውቃለሁ፤ እሱም ልቡ ያውቃል ብዬ አስባለሁ፣ ግን ሰው አንዳንዴ ጥፋቱን በራሱ ላይ ማድረግ ይቀለዋል።

እኛ የቲማቲም ነጋዴዎች ነን። ከመቂና ከባቱ ገበሬዎች እንገዛለን፣ አዳማ ገበያ እናራግፋለን፣ ሲቀናን በሁሩታ አድርገን እስከ አሰላ እንወጣለን። ልጆቻችንን ያስተማርነው በዚህ ነው። ሥራችንም ከጥንት የተከፋፈለ ነው፤ መከራከር የኔ፣ መንዳትና ጭነት ማሰር የሱ። ማሰር ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። የቲማቲም ሳጥን ተደራርቦ ሲጫን ከስፖንዳው፣ ከመኪናዋ የጎን ግድግዳ፣ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ገመዱ ከላላ ቆቃ ሳትደርስ ሳጥኑ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ቲማቲሙ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ስልስ ይሆናል። ባሌ አያላላም፣ አያጠብቅም። መቂ ላይ ሌሎች ነጋዴዎች ጭነታቸውን ጨርሰው እሱን ይጠብቁት ነበር። «እስቲ እጅህን አሳርፍበት» ይሉታል፤ ዞር ዞር ብሎ አይቶ አንድ ቋጠሮ ይጨምርላቸዋል። እሱ ያሰረው ጭነት መንገድ ላይ ሲፈታ አላየሁም። ሌላው ሰው በቤቱ ወይ በልጁ ይኮራል፤ የኔው ሰውዬ በቋጠሮው ነበር የሚኮራው።

የድሮዋ ፒካፓችን ከስፖንዳው በውጭ በኩል፣ ከታች፣ በሁለቱም ጎን መንጠቆ ነበራት። መሬት ላይ ቆመህ ገመዱን ከዚህኛው ጎን ታያይዛለህ፣ በጭነቱ ላይ ወደዚያ ትወረውረዋለህ፣ ዞረህ ሄደህ በዚያኛው ጎን ስበህ ታስራለህ። አለቀ። እግርህ ከመሬት አይነሳም። ያቺ መኪና ሞተሯ ማስቸገር ሲጀምር ሸጥናትና የዚያኑ ፋብሪካ አዲስ ሞዴል ገዛን። አዲሷ ቁመናዋ ያምራል፣ አልዋሽም። ጋቢናዋ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን አለ፤ ወደኋላ ስትሄድ መንገዱን ያሳያል፣ ስልክም ያነሳል። ከውጭ ግን መንጠቆ የላትም። ለመልኳ ብለው ይሁን ለሌላ እንጃ፣ መንጠቆዎቹን ወደ ካሶኒው፣ ወደ መጫኛው፣ ውስጥ አስገብተው ወለሉ አጠገብ አድርገዋቸዋል። ሳጥን ሲጫን መንጠቆው ከሳጥኑ ጀርባ ይቀራል። ስለዚህ ለማሰር ጭነቱ ላይ መውጣት፣ በሆድ መተኛት፣ እጅን በሳጥኑና በስፖንዳው መሀል አስገብቶ በዳበሳ መፈለግ ነው። በዚያ ላይ እግር የሚያርፍበትን የስፖንዳውን ጠርዝ ለስላሳ ፕላስቲክ አልብሰውታል፤ አቧራ ሲያርፍበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ገመዱን ቀድሞ አያይዞ ከዚያ መጫን ነው የሚል አይጠፋም። ሞክረነዋል። ሳጥኑ ሲገፋ ገመዱን ወለሉ ላይ ይጫነዋል፣ ከዚያ ብትስበው ንቅንቅ አይልም።

የወደቀውም ያንን ጠርዝ ረግጦ ነው። እኔ ከገበሬው ጋር ሒሳብ ላይ ነበርኩ። ድምፅ ሰምቼ ስዞር ባሌ መሬት ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ገመዱን ከእጁ አልለቀቀውም ነበር። አዳማ ሆስፒታል ገባ፣ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ በምርኩዝ መሄድ ጀመረ። ሐኪሙ አጥንቱ ደህና ገጥሟል አለን። አጥንቱ ሲገጥም ሌላ ነገር ሳይገጥም ቀረ። ባሌ እጁን አላምን አለ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የሽንኩርት ነጋዴው ባጃጅ ላይ ፍራሽ ሊያስር ሲታገል አይቶት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ና እንጂ፣ አንተ እያለህ» አለው ጎረቤታችን። ባሌ «እኔማ ተውኩት፣ አልችልም» ብሎ ወደ ቤት ገባ። ፍራሽ ነው እኮ። ለፍራሽ ነው አልችልም ያለው። እኔ ያን ቀን ነው የፈራሁት፤ ሆስፒታል እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋን እንሽጥ አለ። ሸጠን ትንሽ ሱቅ እንከፍታለን፣ ሳሙናና ስኳር እየቸረቸርን እንቀመጣለን። «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ገና መቀመጥ አላማረኝም» አልኩት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዘመን ሆኖታል፤ ባል ስላለኝ ብቻ ነበር መሪ የማልይዘው። እንግዲህ ያዝኩ። መቂ ላይ ጫኞቹ ያስሩልኛል፤ አንዱ ጭነቱ ላይ በሆዱ ይተኛል፣ ሌላው እንዳይወድቅ እግሩን ይይዝለታል። ይኼን ባየሁ ቁጥር ባሌን ለብቻው ያንን ሲያደርግ አስበዋለሁ፤ እግሩን የያዘለት ሰው አልነበረም። ጫኞቹም ቢሆኑ የሱን ያህል አያስሩም። ቆቃ ላይ ቆሜ እንደገና አስጠብቃለሁ፣ ሞጆ ላይ ወርጄ አያለሁ። ማታ ቤት ስገባ ጭነቱ እንዴት ነበር ብሎ እንኳ አይጠይቀኝም።

እልህ ያዘኝ። መኪናዋን አዳማ ብየዳ ቤት ወስጄ በሁለቱም ጎን ከውጭ የፌሮ መንጠቆ አስበየድኩላት፤ ልክ ድሮ እንደነበረው፣ በዚያው ከፍታ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ነዳኋት። ባሌን እጁን ይዤ አወጣሁትና «እየው፣ መሬት ላይ ቆመህ ታስራለህ። ምርኩዝህን መጣል እንኳ የለብህም» አልኩት። ምነው ያቺን ምላሴን በነከስኳት። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ለመኪናዋም ምርኩዝ አሠራሽላት?» ብሎኝ ገባ። ገመዱን አልነካውም። ገባኝ፤ ለሱ ያ መንጠቆ ለሽማግሌ የተሠራ ነገር ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ መንጠቆውን የደበቁት ሌሎች፣ የሚያፍረው የኔ ሰው። መንጠቆውን ካየ በኋላ ያችኑ ሞዴል የሚነዳው ጎረቤታችንም ለራሱ አስበየደ፤ ከሱ አይተው ሌሎቹም። ብየዳ ቤቱ ያን ሰሞን ሌላ ሥራ የነበረው አይመስለኝም።

ይኼን ሞዴል የገዛን የአዳማና የአካባቢዋ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እዚያ ውስጥ ብትገቡ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። አንዱ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም ይላል፣ አንዱ የኋላው ስፖንዳ ሲከፈት ተዘርግቶ አይቀመጥም ይላል፣ መንጠቆውን ሁሉም ይራገማል። ጎረቤታችን የሽንኩርት ነጋዴው ከሁሉ ይብሳል። «ይቺን መኪና የሠራት ሰው ኩንታል አይቶ አያውቅም» ብሎ ጽፎ ሳምንት ሙሉ ተሳቀለት። እኔ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያልኩ እተርባቸው ነበር። ለማን ነው የምትናገሩት? እርስ በርሳችን እኮ እናውቀዋለን።

ከዚያ መልእክት መጣ። የመኪናዋ ሻጮች ናቸው የላኩት፤ የፋብሪካው መሐንዲስ ከውጭ ይመጣል፣ የባለንብረቶችን አስተያየት መስማት ይፈልጋል፣ ሰኞ አዳማ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ መኪናችሁን ይዛችሁ ኑ ይላል። እኔ ያንን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ስለ ቲማቲም አላሰብኩም። ያ መሐንዲስ በባሌ ፊት ቆሞ «ጥፋቱ የኛ ነው» ባይል እንኳ፣ መንጠቆው ያለቦታው መሆኑን ከተቀበለ፣ ባሌ ራሱን መርገም ያቆማል ብዬ ነው ያሰብኩት። ግሩፑ ላይ «የመንጠቆውን ነገር እኔ እናገራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም አውራ ጣቱን ላከልኝ።

እስከዚህ ጥሩ ነበር። ግን እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። የተቀደደው ሶፋ ላይ ጨርቅ ጣል ይደረጋል፣ ያረጀው ባልዲ ወደ ጓሮ ይሄዳል፣ ልጆቹ ታጥበው ይሰለፋሉ። አንዱ «መኪናችንን አጥበን እንምጣ» ብሎ ጻፈ። ይሁን። ሌላው «ብየዳ ካዩ ዋስትናው ይቀራል የሚባል ነገር አለ» አለ። ከዚያ ሁለት ፒካፕ ያላቸው አንድ ሽማግሌ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው፣ «ገመናችንን ይዘን እንግዳ ፊት አንቅረብ» ብለው ደመደሙት። በቃ፣ ለሳቸውም ሁሉም አውራ ጣቱን ላከ። እኔ ግን ብየዳዬን አልነካም ብያለሁ። ገመና ከሆነም የኔ ገመና አይደለም፣ የነሱ ነው።

ቅዳሜ የቤት አስቤዛ ልገዛ በእግሬ ወጥቼ ስመለስ መኪናዋ በር ላይ ቆማለች፤ ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ተቀብቶ። ዞሬ አየኋት። መንጠቆዎቹ የሉም። በግራይንደር ተቆርጠው በቦታቸው ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና እጅ ይይዛል። ባሌ ጎረቤታችን እንዲነዳለት አድርጎ ወስዶ አስቆርጧቸዋል።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«እንግዳው ይኼ ምንድነው ቢልሽ ምን ልትይው ነው? ባሌ አርጅቶ ነው ልትይ?»

«ባሌ ወድቆ ነው ልለው ነበር።»

«ተይው እቴ። ዝም አይነቅዝም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» አልኩት። ከመናደዴ የተነሳ ያን ቀን እራት አልሠራሁም፤ ዳቦ በሻይ በልተን ተቀመጥን። እውነቱን ለመናገር ከንዴቱ ይልቅ ሐዘኑ ነው የበለጠብኝ። ያ ሰው ቋጠሮውን ሰው እንዲያይለት የሚወድ ሰው ነበር፣ አሁን ማሰሪያውን ሊደብቅ ገንዘብ ከፍሎ ያስቆርጣል። እሁድ ጸሎት ቤት ቁጭ ብዬ ስብከቱን አልሰማሁትም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ስለ መንጠቆ ነበር የማስበው። እሺ፣ መንጠቆውን ቆርጣችሁታል። ጭነቱንስ ማን ይቆርጠዋል?

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ። ባሌ ገበያ የሄድኩ ነው የመሰለው፤ ስብሰባው ደግሞ ረፋድ ላይ ነው፣ እስከዚያ ትመለሳለች ብሎ አልተጨነቀም። እኔ ግን ያችን የታጠበች መኪና ይዤ ወደ መቂ ወረድኩ። መንገዱ አቧራ ነበር፣ ደስ አለኝ። የምንገዛው ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብሎ ሰላም አለኝና ወዲያው ስለ ባሌ ጠየቀኝ። ተሽሎታል፣ ግን ቤት ነው አልኩት። «ዋቀዮ ሃ ፈይሱ» አለኝ፤ እግዜር ይማረው ማለቱ ነው። አሜን ብዬ፣ ሙሉ ጭነት ጫንልኝ አልኩት። ስብሰባ እንዳለብኝ ስነግረው በቲማቲም ነው እንዴ ስብሰባ የሚኬደው ብሎ ሳቀ። ጫኞቹ እንደለመዱት አንዱ በሆዱ ተኝቶ፣ አንዱ እግሩን ይዞ አሰሩልኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወደ አዳማ ነዳሁ።

የሆቴሉ ዘበኛ ወጣት ነው። በሩን ሳይከፍት ወደ መስኮቴ መጣ።

«ማዘር፣ ጭነት አይገባም። ዛሬ ስብሰባ አለ።»

«ስብሰባው የጭነት መኪና አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ ጭነት የሌለው የጭነት መኪና ሰብስባችሁ ምን ልታደርጉት ነው?»

ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያ ሳቀና «ሲወጡ ለወጥ የሚሆን ይተዉልኛል» ብሎ ከፈተልኝ።

ግቢው ውስጥ መኪኖቹ ለሠርግ እንደሚወጡ ተደርድረዋል፤ ይብለጨለጫሉ። ከእያንዳንዳቸው ስፖንዳ ሥር አዲስ ቀለም ጠብ ጠብ ብሏል። የሚያውቅ ነው የሚያየው። ከአንዷም ላይ ገመድ የለም፣ ሸራ የለም፣ ጭረት የለም። አቧራ የለበሰችውን የኔን መሀላቸው አቆምኩና ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ባሌ ሱፉን ለብሶ ከጎረቤታችን ጎን ተቀምጧል። እኔን ሲያይ ወደ መኪናዋ አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

ስብሰባው ተጀምሮ ነበር። ሽማግሌው መርቀው ከፍተውታል፤ እግራችሁ ይባረክ፣ ሀገራችሁ ሰላም ይሁን፣ እንዲህ ያለ መኪና የሠራ እጅ አይንጠፍ ብለዋል። ከዚያ ተራ በተራ ይነሳሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይቀመጣሉ። ጎረቤታችን፣ ያ ኩንታል አይቶ አያውቅም ብሎ የጻፈው፣ ተነስቶ «እጅግ ምቹ መኪና ናት፣ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው» አለ። መሐንዲሱ መነጽር ያደረገ፣ ሙቀቱ ያላበው ጎልማሳ ነው። እኔ ሳየው ክፉ ሰው አልመሰለኝም። በአስተርጓሚው በኩል «ሌላስ? የሚያስቸግራችሁ ነገር የለም?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። አንዱ ተነስቶ ቀለሙ በቢጫም ቢመጣ ጥሩ ነበር አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እጄን አወጣሁ። ስለ መንጠቆው ተናገርኩ፤ ድሮ የት እንደነበረ፣ አሁን የት እንደገባ፣ ሰው እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚወድቅ። አስተርጓሚው ከሻጮቹ መሥሪያ ቤት የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ያን ሁሉ የተናገርኩትን በሁለት ቃል ጨረሰው። መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ይኼ የመንጠቆ ራስ መነቅነቅ አይደለም፤ ምን እንዳለው እንጃ።

«ልጄ፣ ወሬው ይቅር» አልኩት። «ይምጣና ይሰር።»

«ማዘር፣ ፕሮግራም አለን እኮ።»

«ፕሮግራሙ እኛ አይደለን?»

መሐንዲሱ ምን አለች ብሎ ጠየቀው። ልጁ እያፈረ ነገረው። ሰውዬው ወደ መኪናዋ አየ፣ ከዚያ ብድግ አለ። ሌላውም ሁሉ ተነስቶ ተከተለው፤ ባሌ ብቻ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ገመዱን ፈትቼ እጁ ላይ ሰጠሁት። መንጠቆው ውስጥ እንዳለ ያውቃልና ወደ ካሶኒው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሳጥን እንጂ መንጠቆ አይታይም። መጀመሪያ ገመዱን አያይዞ ከዚያ መጫን ነው አለ፤ እኔም ሳጥኑ ገመዱን እንዴት እንደሚጫነው አንዱን ሳጥን ገፍቼ አሳየሁት። አሰበ። ጃኬቱን አውልቆ ለአስተርጓሚው ሰጠና ጎማዋን ረግጦ ወጣ። በሆዱ ተኛ። እጁን በሳጥኑና በስፖንዳው መሀል አስገባ፣ እስከ ትከሻው ድረስ፣ ፊቱ ቲማቲም ላይ ተለጥፎ። ሲንጠራራ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ላከና ጠርዙ ላይ፣ ፕላስቲኩ ላይ አሳረፈ። እኔ ያንን እግር አየሁት። ልከለክለው አፌን ስከፍት እግሩ ሸርተት አለ።

«ውረድ!»

የጮኸው ባሌ ነው። ከድንኳኑ ተነስቶ እየመጣ ነበር፤ ምርኩዙን እየተደገፈ፣ ከወደቀ ወዲህ ባላየሁት ፍጥነት። «ውረድ ልጄ፣ ትወድቃለህ። እግርህን እዚያ ጋ አታሳርፍ።» ልጁ መተርጎሙን ረስቶ ቆሟል፤ መሐንዲሱ ግን ድምፁ ገብቶት ሳጥን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። እኔና ጎረቤታችን ሱሪውን ይዘን አወረድነው። እጁን የሳጥን ሚስማር ቧጥጦታል፣ ሸሚዙ ቲማቲም ሆኗል። ቆሞ ይተነፍሳል።

አስተርጓሚው ወደ ባሌ ዞረ። «አባት፣ ምን ብለው ነው?»

ባሌ ወደ ስፖንዳው ተጠጋና ያንን ፕላስቲክ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው።

«ያንሸራትታል ነው ያልኩት» አለ። «እኔም እግሬን ያሳረፍኩት እዚችው ላይ ነው። ዳሌዬ የተሰበረው እዚች ላይ ነው። ንገረው።» ከዚያ ወደኛ ዞሮ፣ ለኛ ለሚያውቁት፣ «እርጅና አይደለም» አለ።

ጎረቤታችን ጫማውን አየ።

ልጁ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ተረጎመ፤ ረዥም ነበር፣ አንድ ቃል የዘለለ አይመስለኝም። መሐንዲሱ ባሌን አየው፣ ምርኩዙንም አየው። ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ መንጠቆው የት ቢሆን ይሻላል ብሎ ጠየቀ። ባሌ ጎንበስ አለና ከስፖንዳው ሥር አዲሱን ቀለም በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። «እዚህ ነበር። እንግዳ ይመጣል ብለን ቆርጠነው ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባሌም ሳቀ። ጎረቤታችን ወደ ራሱ መኪና ሄዶ «የኔም እዚህ ነው» አለ። አንዱ ከወዲያ «የኔም» አለ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ከሁለቱ መኪኖቻቸው በአንደኛዋ ሥር በምርኩዛቸው ጠቆሙ። መሐንዲሱ ከመኪና መኪና እየዞረ እየተንበረከከ የቀለሙን ጠብታ ፎቶ ያነሳ ጀመር። ስለ ስክሪኑም፣ ስለ ኋላው ስፖንዳም ያኔ ነው የተነገረው፤ ወንበር ላይ ሳይሆን መኪናው ሥር ቁጢጥ ተብሎ። የሚቀጥለው ሞዴል መንጠቆው ወደ ውጭ ይውጣ አይውጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናሻሽለዋለን ብለዋል፤ እስካየው አላምንም።

ጭነቴ ግን እንደተፈታ ነው፣ ፀሐዩም እየከረረ ነው፣ ገበያ መድረስ አለብኝ። አሁን ማን ያስረዋል ብዬ ዞር ስል ባሌ ሱፉን እያወለቀ ነው።

«መንጠቆ የለም እኮ፣ አስቆርጠኸዋል» አልኩት።

«በሥር እናዞረዋለን» አለኝ። በመኪናዋ ሆድ ሥር ማለቱ ነው። ጎንበስ ማለት ስለማይችል ገመዱን ለመሐንዲሱ ሰጠውና በእጁ አሳየው። ያ ሰው አንዴ ልብሱ ተበላሽቷል፣ መሬት ላይ ተኝቶ ገመዱን በሥር አሳለፈለት። ባሌ በዚያኛው ጎን ቆሞ ተቀበለው፣ በጭነቱ ላይ ወረወረው፣ ዞሮ መጣ፣ ምርኩዙን ለኔ ሰጥቶ በሁለት እጁ ሳበው። ቋጠረው። ሳጥኑን መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ትንሽ አላላው፣ መልሶ ቋጠረው። ጎረቤታችን መጥቶ ገመዱን ነቀነቀና «ያው ነው» አለ።

ለዘበኛው ቲማቲሙን ሰጥተን ወጣን። ባሌ ከጎኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል፤ ከወደቀ ወዲህ ጭነት ይዘን አብረን ስንሄድ የመጀመሪያችን ነው። በመስታወቱ ወደ ኋላ ጭነቱን ያያል፣ እንደ ድሮው። አደባባዩ ጋ ስንደርስ «ገበያው ይቆይ፣ መጀመሪያ ወደ ብየዳ ቤቱ ንጂ» አለኝ። «ድሮ ከነበረበት ትንሽ ዝቅ ቢል ይሻላል፤ ቆሜ ላሳየው።»

«ለመኪናዋ ምርኩዝ ልናሠራላት?» አልኩት።

«ምርኩዙ የኔ ነው» አለ፤ «ያ መንጠቆ ነው።»

ፍሬቻ አብርቼ ወደ ብየዳ ቤቱ ታጠፍኩ።